የፈላ ውሃ የጠጡ ችግኞች

አንድ ገበሬ ነበረ። መሬቱ ተዳፋት ላይ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በሁለት ቀን አርሶ ይጨርሰዋል። ከመሬቱ በላይ ደን አለ። ከደኑ ሥር ምንጭ ይፈልቃል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ከዚያ ምንጭ ይቀዳል፤ ቀፎውን በዚያ ደን ዛፎች ላይ ይሰቅላል፤ ኮረሪማውንም ከዚያው ይለቅማል።

ጥሩሰው፣ ይህን የምነግርህ ስለጠየቅኸኝ ነው። «አባባ፣ ችግኝ በነፃ ካልሰጠናችሁ የሚሉን እነዚህ ሰዎች ይታመናሉ ወይ? ልትከለው ወይስ ዝም ብሎ ግቢዬ ውስጥ ይድረቅ?» አልኸኝ። እንግዲህ እስክጨርስ ድረስ አታቋርጠኝ።

ይህ ገበሬ ተጠራጣሪ ነበር፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ጥርጣሬውን የወረሰው ከአባቱ ነው። በአባቱ የጎልማሳነት ዘመን ሰዎች ገመድ ይዘው መጡና ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ለኩት። «ኮረብታው ተራቁቷል። አምስት ዓመት ከከብት ይረፍ። ሣር ሲያበቅል መልሳችሁ ትረከቡታላችሁ» አሉት። አባትየው በአውራ ጣቱ ፈረመ። አምስት ዓመት አለፈ፤ አሥርም አለፈ። ኮረብታው ሣር አበቀለ፣ ዛፍም አበቀለ፤ የሚያስረክብ ሰው ግን አልመጣም። አንድ ቀን የአባትየው ላም ገመዷን በጥሳ እዚያ ስትግጥ ተያዘች። ሽማግሌ ተልኮ እስክትለቀቅ ድረስ ሳትታለብ፣ ስትጮኽ ሰነበተች። ያን ጊዜ አባትየው ልጁን ጠርቶ፣ «መሬትህን የሚለካ ሰው ላንተ ብሎ አይለካም። ይህን እወቅ» አለው።

ልጁ አደገ፣ ሚስት አገባ፣ ሴት ልጆች ወለደ። ያችን ቃል ግን አልረሳትም።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንዲት ወጣት ባለሙያ ወደ መንደሩ መጣች። በመኪና ሙሉ ችግኝ ይዛ ነበር፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ አቮካዶ፣ ቡና። ሰዉን አውድማ ላይ ሰብስባ እንዲህ አለች፦ «ከእህላችሁ መሀል ዛፍ ትከሉ። ሥሩ አፈራችሁን ይይዝላችኋል። ቅጠሉ ሲረግፍ ማዳበሪያ ይሆናችኋል። ከጥላው ሥር ቡናችሁ ይይዛል። ማገዶውንና አጣናውን ከጓሮአችሁ ካገኛችሁ ደኑን መቁረጥ አያስፈልጋችሁም። ደኑን ከጠበቃችሁት ደግሞ በማኅበር ትደራጁና ራሳችሁ ትረከቡታላችሁ።»

«ትረከቡታላችሁ» ስትል ገበሬው ጆሮው ቆመ። አባቱም የተባለው ይህንኑ ነው።

«ጥያቄ ያለው?» አለች።

ሰዎቹ «ገብቶናል፤ እግዜር ይስጥልን» ብለው ተነሡ።

ከዚያ በየሰዉ ማሳ እየዞረች፣ ስልኳን እንደያዘች ድንበር ድንበሩን ትሄድ ጀመር። ገበሬው አጥሩ ጥግ ቆሞ ሲያያት ቆየና ጠጋ አላት።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«የመሬትዎን ቅርጽ እየወሰድኩ ነው አባቴ» አለችው።

ማሳው ስንት ችግኝ እንደሚይዝ ለማወቅ ነበር። እሱ ግን «እየወሰድኩ ነው» የሚለውን ብቻ ሰማ። የአባቱ ዘመን ገመድ ዛሬ ስልክ ሆኖ የመጣ መሰለው።

እምቢ ማለትን ፈራ። እምቢ ያለ ሰው «ለምን?» ይባላል፤ ስሙ ይያዛል። ስለዚህ ስልሳ ችግኝ ተቀብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ አመስግኖ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ሚስቱ ገበያ ወረደች። እሱ ትልቁን ድስት ጥዶ ውሃ አፈላ። ችግኞቹን ከነፕላስቲካቸው ደርድሮ፣ የፈላውን ውሃ በጣሳ እየቀዳ በየሥራቸው አፈሰሰ። እስኪቀዘቅዙ ጠብቆም ተከላቸው። አተካከሉ ደግሞ የሚያስቀና ነበር፤ ጉድጓዱ ልክ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ በየሥሩ ፍግ የተጨመረበት። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ «በርታ!» እያለው አለፈ።

ሚስቱ ስትመለስ የድስቱን ቂጥ ጠቁሮ አገኘችው።

«ምን ስታበስል ዋልክ?»

«ውሃ ነው ያፈላሁት።»

«ለምንህ?»

«እግሬን ልታጠብበት።»

እግሩን አየችው። ጭቃው እንዳለ ነው። ድስቱን አንሥታ ትፈትገው ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ስልሳውም ደረቁ። ባለሙያዋ መጥታ ተንበረከከች። አንዱን ነቅላ ሥሩን በጣቷ አሸችው፤ አሸተተችው።

«ምን ሆኖ ነው አባቴ?»

«እንጃ ልጄ። ምድሩ አልተቀበለው ይሆናል።»

ከማሳው አፈር በፌስታል ቋጥራ ሄደች። አልጠረጠረችውም። ያን ያህል አስተካክሎ የተከለ ሰው በገዛ እጁ ይገድላቸዋል ብላ እንዴት ታስብ?

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ መጣች። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪናው ዳገቱን አልወጣም፤ ሃያ ችግኝ በካርቶን አድርጋ በጀርባዋ አዝላ ነው የደረሰችው። ጫማዋ በጭቃ ተውጧል። «እነዚህ ጠንካሮች ናቸው፤ ተስፋ አንቁረጥ፣ እንደገና እንሞክር» አለችው። ገበሬው ሲያያት ሆዱ ባባ። ወዲያው ግን «ይህችን ልጅ ይህን ያህል የሚያደክማት ምንድን ነው? ምን ብታገኝበት ነው?» አለ በልቡ። ድካሟ ራሱ አስጠረጠረው። እሷ ዳገቱን ወርዳ ከዓይኑ ስትሰወር ድስቱን ጣደ።

ያን ቀን ሚስቱ ቤት ነበረች። ከጓሮ ጎመን ቀንጥሳ ስትመለስ ጣሳውን እንደያዘ ደረሰችበት።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ሰው የሚጠላውን ሰው ይጠላል እንጂ ችግኝ በፈላ ውሃ ይጠብሳል?»

«ዛፉ ሲያድግ መሬቱን ደን ነው ይሉታል። ደን ነው ካሉት ደግሞ የእኛ አይደለም። የአባቴን ኮረብታ ረሳሽው?»

«ታዲያ ለምን አትጠይቃትም?»

«ብጠይቃት እውነቱን ትነግረኛለች?»

 እሷም ፈርታ ነበርና ያየችውን ለማንም ሳትተነፍስ ዋጠችው።

የሚገርመው ነገር፣ የጎረቤቶቹም ችግኝ አልያዘም። በአንዱ ማሳ አምስት፣ በሌላው ሦስት ቢተርፍ ነው። ገበሬው ይህን ሲያይ ቀስ በቀስ የገዛ ውሸቱን ማመን ጀመረ። «ለካ ምድሩም አይወዳቸውም ኖሯል። እኔ ባላፈላም አይጸድቁም ነበር» እያለ ልቡን አረጋጋ። ባለሙያዋ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። ያየችውን ይዛ ሪፖርቷን ጻፈች፤ «የዚህ ቀበሌ አፈር ለዛፍ አይስማማም» አለች። ከዚያም ተሰናብታ ሄደች።

ዓመት ሞላው።

አንድ ማለዳ ሕዝቡ ቀበሌው ግቢ እንዲሰበሰብ ተጠራ። ከወረዳ አንድ ሹም ወረቀት ይዞ መጥቷል። ባለሙያዋም አብራው መጥታለች፤ ዳር ላይ አቀርቅራ ተቀምጣለች።

«በጥናት ተረጋግጧል» አለ ሹሙ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። «የእናንተ ማሳ ዛፍ አያበቅልም። ማሳችሁ ዛፍ ካላበቀለ ማገዶውንም አጣናውንም ከደኑ መቁረጣችሁ አይቀርም። በእናንተ እጅ ከቆየ ደኑ ያልቃል። ስለዚህ ለአንድ ባለሀብት እንዲሰጥ ታስቧል። ያጥረዋል፣ ይጠብቀዋል፤ በከፊሉም ሻይ ይተክልበታል።»

«ምንጩስ?» አለች አንዲት ባልቴት።

«ምንጩ ከአጥሩ ውስጥ ይሆናል። ለእናንተ ሌላ ይፈለጋል።»

«ቀፎአችንስ?»

«ታወርዳላችሁ።»

ባልቴቷ ወደ ደኑ ቀና ብላ አየች። «ጌታዬ፣ የእኛ አፈር ዛፍ የማያበቅል ከሆነ ያ ደን በማን አፈር ላይ ነው የበቀለው?» አለች።

ሰው ሳቀ። ሹሙ አልሳቀም። «እሱ የተፈጥሮ ነው» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

ገበሬው ዛፍ አለ ብለው እንዳይወስዱበት ሲፈራ ኖሮ፣ አሁን ዛፍ የለም ብለው ሊወስዱ ነው። ለዚያውም ማስረጃቸው የእሱ ድስት ነው። ቢናገር መንደሩ ምን ይለዋል? ይህን ሁሉ ሕዝብ ከምንጩ ያስቀረ ሰው ተብሎ ሴት ልጆቹ በየት ያልፋሉ? ሹሙስ ዝም ይለዋል? ካልተናገረ ደግሞ ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዞር ብሎ ሴቶቹ መሀል ፈለጋት። እሷም እሱን ነበር የምታየው። ራሷን አልነቀነቀችም፤ በዓይኗም አልጠቀሰችውም። 

ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ።

ሹሙ ሰው የተገደለ መስሎት ደነገጠ። «እነማንን?»

«ችግኞቹን ነው። ውሃ አፍልቼ ሥራቸው ላይ አፈሰስኩ። መጀመሪያ ስልሳውን፣ ኋላም ሃያውን። አፈሩ ምንም አላደረገም፤ አፈሩን ተዉት።»

 ባለሙያዋ ቀና አለች።

«ኋላ ያመጣኋቸውንም?»

«እነሱንም ልጄ። በጀርባሽ ያመጣሻቸውንም።»

ተነሣች። «እኔ እኮ አፈሩን ነው የወነጀልኩት» አለች። «ምነው ቢጠይቁኝ?»

«ዛፉ ሲያድግ የማን ነው ብዬ ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር?»

 ሰው ሁሉ እሷን ያያል።

«አላውቅም እልዎት ነበር» አለች። «እውነቱን ነው የምነግርዎት። እኔም ማንንም አልጠየቅኩም ነበር።»

ይህን ስትል ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ብሆን ከነፕላስቲካቸው ነው የቀበርኳቸው» አለ። ሌላው ተከትሎ፣ «እኔ ሥራቸውን በማጭድ ቆርጬ ነው የተከልኩት» አለ። ያች ባልቴት ሳትቀር፣ «እኔም ፍየሌን አውቄ ለቅቄባቸዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ፈራሁ» አለች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እያንዳንዱ ብቻውን የጠረጠረ፣ ብቻውንም ያጠፋ መስሎት ዓመቱን ሙሉ ከጎረቤቱ ሲደበቅ ኖሯል።

ሹሙ ግን አላመናቸውም። «ዛሬ ደኑ ሊሰጥ ሲል ነው ይህ ሁሉ ሰው ጥፋቱ ትዝ ያለው? ተመካክራችሁ ነው የመጣችሁት» አለ። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ዓመት ሙሉ የዋሸ ሰው አንድ ቀን እውነት ቢናገር ማን ወዲያው ያምነዋል?

ባለሙያዋ ወደ ሹሙ ሄደች። «ሪፖርቱ የእኔ ነው። የተጻፈበትም ስም የእኔ ነው። ተሳስቻለሁ። አንድ ዓመት ይስጡኝና ዓይንዎ እያየ ይተከል» አለችው። ሹሙ እምቢ አለ። እሷ አልተቀመጠችም፤ ሕዝቡም አልተበተነም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሲከራከሩ ዋሉ። በመጨረሻ ሹሙ፣ «ከጸደቀ እንነጋገራለን» ብሎ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እተወዋለሁ ብሎ ግን ቃል አልሰጠም።

ችግኝ ከመታደሉ በፊት ገበሬው እጁን አወጣ። «እንግዲህ አሁን ልጠይቅ» አለ። «ዛፉ ሲያድግ የማን ነው? ስቆርጠው ማንን አስፈቅዳለሁ? በስልክሽ ላይ የሳልሽውን መሬቴንስ ማን ያየዋል?» ባለሙያዋ ስልኳን አውጥታ የሳለችውን ለሁሉም አሳየች። «ይህን አውቃለሁ፤ ያንን ግን አላውቅም፤ ጠይቄ እመጣለሁ» አለች። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አመጣች። ገበሬ በይዞታው ላይ የተከለው ዛፍ የራሱ ነው ይላል፤ ዋንዛ ለመቁረጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ይህን ሁለተኛውን ስታነብ ድምፅዋን አልቀነሰችም። ሰው አጉረመረመ። ከፊሉ ዋንዛውን ትቶ ሌላውን ወሰደ፤ ለምን ተውክ ያለውም አልነበረም። ወረቀቱ ግን ለያንዳንዱ ተገልብጦ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ተቀመጠ።

ገበሬው ሃምሳ ችግኝ በሰው ፊት ተከለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ኑሮ አልነበረም። በማሳው በኩል የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ይነካል፤ ሞቆ እንደሆነ ሊያይ። አንዳንዱ ይቀልዳል፤ አንዳንዱ አይቀልድም። እሱ ግን ማሳው ዳር ቆሞ «ንኩት፣ ንኩት» ይላቸው ነበር። በሁለተኛው ወር ምስጥ ገባና አሥራ አንዱን በላበት። ሮጦ ሄዶ ቢናገር የሚያምነው አጣ። «ድስቱን ዛሬም ጥደኸው ነበር?» አሉት። በዚያ ጊዜ አለቀሰ ይባላል። ከዚያ የተበላውን ሥር ምስጡ እየተርመሰመሰበት በእጁ ይዞ በየቤቱ ደጅ እየቆመ አሳየ። ግማሹ አመነው።

ዓመቱ ሲሞላ ሹሙ ራሱ መጣ። በየማሳው እየዞረ አየ። በገበሬው ማሳ ሠላሳ አራቱ ለምልመው ነበር። ሹሙ ሥር የሌለው እንጨት ተሰክቶ እንደሆነ ለማየት አንዱን በሁለት እጁ ጎትቶ ነቀለው። ሥሩ ረዥም ነበር። ገበሬው ተቀብሎ መልሶ ተከለው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ደስ የሚል ነው ብዬ አልዋሽህም። ደኑ ከነምንጩ ለመንደሩ ማኅበር በጽሑፍ ተሰጠ። የታችኛው ጎን ግን ለባለሀብቱ ቀረ። ሹሙ «ታስቧል» ቢልም የዚያ ጎን ውል ከስብሰባው በፊት ተፈርሞ ኖሯል። ሽቦ ታጠረበት። ሰባት ሰዎች ቀፎአቸውን አወረዱ። ከሰባቱ አንዱ የገበሬው ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታውን ነሣው። «ከመጀመሪያው ብትናገር ወይም ብትጠይቅ ውሉ ሳይፈረም እንደርስበት ነበር» ይለዋል። 

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ጥሩሰው።

ሰዎቹ ይታመናሉ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አላውቃቸውም። ደግ ሰዎች ይሆናሉ። ደግ ሆነውም የማያውቁትን ነገር ቃል የሚገቡ ይሆናሉ። ሌላ ነገር ፈልገው የመጡም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ጥርጣሬህን ጣል አልልህም። ያ ገበሬም በመጠርጠሩ አልተሳሳተም፤ የአባቱን ኮረብታ ያየ ሰው ባይጠረጥር ነበር የሚገርመኝ። ጥፋቱ ሰው መጠየቅ ሲገባው ችግኝ መጠየቁ ነው። ችግኝ አፍ የለውም። ቢጠይቁት የሚመልሰው መድረቅ ብቻ ነው፤ መድረቁን ደግሞ ሌላ ሰው እንደፈለገ ይተረጉመዋል።

አንተም ዛሬ እኔ ዘንድ ስትመጣ በሩን ገርበብ አድርገህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነው የጠየቅኸኝ። እኔን በጓዳ መጠየቅህ ችግኝ ከመጠየቅ ብዙም አይለይም። ምክንያቱም መልሱ እኔ ጋ የለም። ምናልባት በዚህች ሰዓት ጎረቤትህም በራሱ ጓዳ ይህንኑ እያንሾካሾከ ነው፤ እሱም ብቻውን የጠረጠረ መስሎታል። ዛሬውኑ ሂድና ንገረው።

ሰዎቹ ነገ ጠዋት ይሰበስቧችኋል አይደል? ቀድማችሁ ሂዱና ከፊት ተቀመጡ። «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ተነሣና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዛፉ ሲያድግ የማን ነው በላቸው። ቢከፋቸውም በላቸው። መልስ ካላቸው አስጽፈህ ተቀበልና ትከል፤ ከዚያ በኋላም እንደ ልጅህ ተንከባከበው። መልስ ካጡ ደግሞ ችግኛቸውን ተሸክመህ መልስላቸው። ግን ሳይደርቁ፣ በሕይወት እያሉ መልስላቸው።